ሕንዳዊው እጮኛዬ

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ 2018፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ነው። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ አንዴ አፍራለሁ፣ አንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። ሜፕልዉድ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ እየሠራሁ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሚኒያፖሊስ ኮሌጅ እማር ነበር። የሂስትሪ መምህራችን የሴቶችን ኑሮ የለወጠ አንድ ሕግ መርጣችሁ ፕረዘንት አድርጉ አለን። ግራ ቢገባኝ ለሥራ ባልደረባዬ ለሳርላ ነገርኳት። ሳርላ ሕንዳዊት ናት፤ እሷም ባሏ ሞቶባታል።

«የኛን ውሰጂው» አለችኝ። ድሮ በአገሯ፣ በተለይ በትልልቆቹ ቤተሰቦች ዘንድ፣ ባሏ የሞተባት የሂንዱ ሴት ገና ልጅ እንኳ ብትሆን ሌላ ባል አታገባም ነበር። ጌጧን አውልቃ፣ ነጭ ለብሳ ትቀመጣለች። በእንግሊዞች ዘመን የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ተሟግተው እንድታገባ የሚፈቅድ ሕግ አስወጡ። ካገባች ግን የሟች ባሏን ውርስ ታጣለች።

«ሕጉ ቢፈቅድም ጎረቤት አልፈቀደም» አለች ሳርላ። የቅድመ አያቷ እህት አግብታ፣ ቤቷ ውሃ እንኳ የሚጠጣ ሰው ጠፋ አሉ።

ከክላስ ስመለስ ላይት ሬል ባቡር ውስጥ ሆኜ ይህንኑ ለእህቴ በስልክ እለማመዳለሁ። አልሰማ ስላላት ጮህኩ።

«ባሏ የሞተባት ማግባት ትችላለች! ሕጉ ፈቅዷል!»

«የምን አገር?» አለችኝ።

«ሕንድ! ሂንዱ ነው አልኩሽ!»

የቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን መሪ እትዬ አስቴር ከኋላዬ መቀመጣቸውን አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ፓስተራችን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ፍሮግታውን ያለው ቤቴ መጡ። በር ላይ ሳያቸው መርዶ መሰለኝ።

«እናቴ ናት?» አልኩ።

«ኧረ አይደለም!» ብለው ገቡ። ሻይ ሰጠኋቸው፤ ማንም አልነካውም። ፓስተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እህቴ፣ ለመሆኑ ሰውዬው ጌታን ለመቀበል ፈቃደኛ ነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ሕንዱ ነዋ።»

ይሄኔ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጄ ከክፍሏ ብቅ አለች። «ማም! ዩ ሃቭ ኤ ቦይፍሬንድ?»

ወረቀቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ እዚያው ሳሎን ቆሜ፣ ፕረዘንቴሽኑን ከዳር እስከ ዳር አቀረብኩላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ሻዩን ገና ፉት ከማለቱ ሳቅ አፍኖት ትን አለው። ፓስተሩ እንባቸውን እየጠረጉ፣ «እኛ እኮ አታግቢ ልንልሽ አልመጣንም። ያሳሰበን የሰውዬው እምነት ብቻ ነው» አሉ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ከወንድ ጋር አንድ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም። ለካ የከለከለኝ ሰው አልነበረም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ልጄ አጠገቤ ቁጭ አለች። «አይ ወዝ ካይንድ ኦፍ ሃፒ፣ ማም» አለችኝ፤ ሰው ያገኘሁ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እኔ ኮሌጅ ስሄድ አንቺ ብቻ ነሽ» አለች። እሷን አቅፌ አለቀስኩ።

እስከ ዛሬ አላገባሁም። ባለፈው ወር ግን አንድ የድሬዳዋ ልጅ፣ ልጅ ስል ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ምሳ ልጋብዝሽ አለኝ። እንደ ድሮው ሰበብ ፈልጌ አልሸሸሁም። «አስብበታለሁ» አልኩት።

እያሰብኩበት ነው።