ጉናን ስጠኝ

ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ የምሄደው ከጉና ተራራ ሥር ወዳለው የእናቴ አባት ወደ አባባ ደሴ ቤት ነበር። አባባ የተራራው ደን ጠባቂ ነበሩ። ቀን ደኑን ሲዞሩ ይውሉና፣ ሲመሻሽ የሶላር መብራቷን ምሰሶው ላይ ሰቅለው፣ እሳት ዳር ለእኔና ለአጎቴ ልጅ ለሙላት ተረት ያወሩልን ነበር። የባሕር ዛፍ ቅጠል ጢስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ፍሙ ቀስ በቀስ አመድ እየለበሰ፣ አፍ አፋቸውን እናያለን። ሙላት በሁለት ዓመት ይበልጠኛል፤ አፉም ስል ነው። እኔ ግን ሰው ፊት ልናገር ስል ድምፄ ይጠፋል።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምወደው የአንዲት ትንሽ ወፍ ተረት ነበር። ወፊቱ የእውነት ናት፤ ደኑ ውስጥ አለች። አውራ ጣት ታክላለች፤ ምንቃሯ እንደ መርፌ ቀጥኖ ጎበጥ ያለ ነው፤ በእሱ ከአበባ ውስጥ ማር ትመጣለች። ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። አባባ «የንብ እህት» ይሏት ነበር። በኋላ በሳይንስ መጽሐፍ ላይ ሃሚንግበርድ የምትባል የሌላ አገር ወፍ ሳይ የእኛዋ መስላኝ ደንግጬ ነበር፤ ያቺኛዋ ግን የምትመጠው አየር ላይ ቆማ ነው፣ የእኛዋ ግን ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል አበባ ላይ ተቀምጣ።

በተረቱ ውስጥ አንድ እንጨት ቆራጭ ጎጆዋን ያፈርስባታል። እሷ አልጮኸችም። ወደ ንቦቹ ሄዳ የሆነውን ነገረቻቸው፣ በቃ። ከዚያ ወዲያ በሰውየው ማሳ አንድም ንብ አላረፈም፤ ባቄላው አብቦ አብቦ ፍሬ ሳይዝ ቀረ። «ትንሽ ናት» ይሉ ነበር አባባ ሲጨርሱ፣ «ግን አትረሳም። ትጠብቃለች።»

በዘጠኝ ዓመቴ የንብ እህትን ጎጆ አንድ የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት። ግራጫ ነበረች፤ በሸረሪት ድር ተያይዛ የተሠራች። ከሹራቤ እጅጌ ቀይ ክር መዝዤ እዚያው አጠገብ አንጠለጠልኩ። ወፊቱ መጥታ ክሩን በምንቃሯ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ክሩ ከውጭ ምንም አይታይም ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ የራሴ የምለው ነገር ያኔ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ ደኑ ስሄድ ሙላት ከዚያ በኩል እየሮጠ ሲወርድ አየሁት። ስደርስ ጎጆዋ የለችም። ዛፉ ሥር ሁለት የተፈረከሱ እንቁላሎች ወድቀዋል። ወፊቱ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለች ትጮሃለች። ቅርፊቱን አንስቼ እንደያዝኩ አባባ ከኋላዬ ደረሱ።

«አንቺ ነሽ?»

ድምፄ ጠፋ። ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጠሩት።

«ከዛሬ ጀምሮ ደኑን እንዳትረግጪ። ማታም አጠገቤ እንዳትቀመጪ።»

ያን ምሽት ብርዱ በሚገባበት በሩ ሥር ተቀመጥኩ። ሙላት እሳቱን እየሞቀ ዞር ብሎ «የእንቁላል ሌባ!» አለኝ። ብናገር ማን ያምነኛል? አምስት ምሽት እዚያው ተቀምጬ ጀርባውን ሳይ፣ ሳይ ቆየሁ።

በስድስተኛው ምሽት እንቆቅልሽ ያዝን። በእንቆቅልሽ ሙላትን የሚችለው የለም። መልሱ የጠፋበት ሰው ለጠያቂው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ወስዶ በተሸናፊው እንደ ልቡ ይሳለቃል። ሙላት ከእኔ ጎንደርን፣ እብናትን፣ ሐሙሲትን ወስዷል። ወንዛዬን ወስዶ «እኔ ፍል ውሃው ውስጥ ስንፈላሰስ አንቺ ጭቃው ላይ ተንከባለይ» ብሎኛል።

«እንቆቅልህ» አልኩ ከበሩ ሥር።

ሁለቱም ዞሩ። «አፍ አላት እንዴ!» አለ ሙላት። «እሺ፣ ምን አውቅልሽ?»

«ከውጭ ግራጫ፣ ከውስጥ ቀይ፤ በር አላት፣ መዝጊያ የላትም፤ ነፋስ ያወዛውዛታል፣ አትወድቅም።»

አባባ አገጫቸውን አሻሹ። «ይቺስ ለእኔም ከበደችኝ» አሉ። ሙላት ይህን ሲሰማ ደረቱ ተነፋ።

«የንብ እህት ጎጆ ናታ!»

«ጎጆ ውስጡ ቀይ ነው እንዴ?»

«አዎ አባባ፣ ከላባው ሥር ቀይ ክር አለ እኮ፣ የተጠቀለለ...» ብሎ መሀል ላይ ቆመ።



«እኔ ዕድሜ ልኬን ጎጆ ሳይ ኖርኩ» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ቀይ ክር ያለው ግን አላጋጠመኝም። አንተ የት አየኸው?»

ሙላት እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ደበቀ።

«የዚህ መልስ ከጠፋህ አገር ስጣት።»

«ጎንደርን ሰጠሁሽ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«አልፈልግም።»

«ባሕር ዳርን።»

«አልፈልግም። ጉናን ስጠኝ።»

 «ሰጠሁሽ።»

ያኔ የማላውቀው ድምፅ ከጉሮሮዬ ወጣ። «ጉና ወጥቼ ከንብ እህት ጋር ማር ስመጥ፣ አንተ ከታች ባዶ ቅርፊት ላስ! ዛፉ ጥላ ይንሳህ! ንቡ ማሳህን ይለፈው!»

መጨረሻ ላይ ያልኩት ጨዋታ አልነበረም፤ እርግማን ነበር። ሙላት አለቀሰ። ሲያለቅስ ደስ አለኝ።

«ነይ ልጄ፣ ቦታሽ እዚህ ነው» አሉ አባባ። «እኔም ተሸንፌያለሁ። ምን አገር ልስጥሽ?»

«እዚህ ይሻለኛል አባባ» አልኳቸው። ከበሩ ሥር አልተነሳሁም። እሳቸውም ተረት ሳያወሩ ፍሙን ሲቆሰቁሱ አመሹ።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ሙላት ለበዓል ስንገናኝ «አንቺ፣ ጉናዬን አትመልሺልኝም?» ይለኛል እየሳቀ። እኔም እየሳቅኩ «አልመልስም» እለዋለሁ፤ እውነቴን ነው። አባባ አርጅተው ደኑን ሌላ ሰው ይጠብቀዋል። ብዙ ነገር ረስተዋል፣ እሷን ግን አልረሱም። «የንብ እህትን አገኘሻት ወይ?» ይሉኛል በሄድኩ ቁጥር። «አላገኘኋትም አባባ» እላቸዋለሁ።

ቀዩ ሹራብ ከጠበበኝ ቆየ። እጅጌው በየዓመቱ አንድ አንድ ክር እየመዘዝኩለት እስከ ክርኑ ተተርትሮ አልቋል።