አፌ የዘጋው ደን

ደናችን ሲባል ትልቅ ይመስላል እንጂ ከሞላሌ ከተማ ዝቅ ብሎ ጎርፍ የበላው ሸለቆ ነው። መንደርተኛው አጥሮ ተከለበት። ከላይ ኮሶና ጽድ፣ ከሥራቸው ፖምና ጌሾ፣ ከዚያ በታች ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ጎመን፤ አጥሩ ላይ እንጆሪ ይሳብበታል። ሕጉን ከጓሳ፣ አባቶቻችን በጋራ ከሚጠብቁት የሣር መሬት፣ ነው የቀዳነው፤ ከብት አይገባም፣ ሁሉም ይጠብቃል፣ ሁሉም ይካፈላል። ቀን ቀን እንድጠብቅ እኔን መረጡኝ። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ለእርሻ ጉልበት ባይኖረኝም ለጩኸት አላንስም።

በበጋ አንድ ጠዋት ስደርስ የአበልጄ በሬ አጥሩን ደርምሶ ገብቷል። አበልጄ ልጁን ክርስትና ያነሳሁለት፣ ድንበርተኛዬ ነው። በሬው የተዳቀሉትን ፖሞች እየገነጠለ ያላምጣል፤ አንዱን ከነሥሩ ነቅሎ ረግጦታል። ላስወጣው ብዬ ድንጋይ ወረወርኩ። ዕድሜ ልኬን ዒላማ መትቼ የማላውቅ ሰውዬ፣ ያን ቀን ቀንዱን ከሥሩ ገነጠልኩት። በሬው አጓራ፤ ደሙ በዓይኑ ላይ ወረደ።

አበልጄ መጥረቢያውን እንደያዘ ሮጦ መጣ።

"አንቱ! በሬዬን ገደሉት?"

"አልገደልኩትም፤ አሳመርኩት እንጂ።"

ቀልዴ ሁልጊዜ ከጥርሴ ይቀድማል፤ ያን ቀን ግን ሁለቱም አብረው ወጡ። በመጥረቢያው እጀታ አፌን አለኝ። እኔም በዱላዬ ጣቶቹ ላይ አሳረፍኩበት፤ ቀጭ ሲል ሰማሁት። ተያያዝን። ሁለት ሽማግሌዎች እየተነካከስን ጎመኑ ላይ ተንከባለልን። ከላይ ሆነና ጉሮሮዬን አነቀኝ፤ ዓይኔ እስኪጨልም። ሰዎች ደርሰው ሲጎትቱት አመለጣቸውና መጥረቢያውን አንስቶ ወደ ፖሞቹ ዞረ። ከአንቱታም ወርዷል።

"አንተ ጥርሰ ወላቃ! አንድ ግንድ አላስተርፍልህም!"

አንዱን በአንድ ምት ጣለው። ሁለተኛውን ደገመ። ልነሳ ብል ተመልሼ ጎመኑ ላይ ወደቅሁ። የቀረኝ አፌ ነበር፤ እሱም ደም ሞልቶታል።

"በቅዱስ ሚካኤል! እዚህ ደን እግሩን ያስገባ፣ ቅጠሉን የነካ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ገዝቼዋለሁ!"

መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። በእኛ አገር ግዝት የተጣለበትን ቦታ፣ ቄስ እስኪፈታው ድረስ ሰው አይረግጥም። አበልጄ በሬውን ነድቶ ወጣ። ሊገላግሉን የገቡትም ወጡ። ውሃ ሊያጠጡ የመጡት ሴቶች ጀሪካናቸውን እንዳዘሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ።

"ምን ይጠብቃሉ?" አለችኝ ባለቤቴ። "ራስዎንም እኮ ገዝተዋል!"

በአራት እግሬ ድኼ ወጣሁ።

ቄሱ ዘንድ ብሄድ "ታርቃችሁ አብራችሁ ካልቆማችሁ አልፈታም" አሉ። አበልጄ ደግሞ ጣቱን በጨርቅ ጠምጥሞ "አልታረቅም፤ ይድረቅ!" አለ። ቀን ፀሐዩ ይጠብሰዋል፣ ሌሊት ውርጩ ያቃጥለዋል። የመንደሩ ሁሉ ጓዳ እዚያ ውስጥ ነው፤ እኛ ከአጥሩ ውጭ ተደርድረን ሲጠወልግ እናያለን።

ይባስ ብሎ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ከገደሉ ወጣ። ድንቹን ይቆፍራሉ፣ ሽንኩርቱን ይነቅላሉ፤ ገብቶ የሚያባርር የለም። ወንጭፍ አወጣን። ድንጋዩ እንደ በረዶ ወረደ። አንዱ ጭላዳ ግንባሩን ተመትቶ ተንፈራፈረ፤ ሌሎቹ ጥርሳቸውን ገልጠው ጮሁ፤ ቅርንጫፍ እየተሰበረ ረገፈ። የእኔ ድንጋይ ግን ከተረፉት ፖሞች የትልቁን አናት ገመሰው።

"ጎሽ!" አለ አበልጄ። "እኔ በመጥረቢያ ያልጨረስኩትን ይጨርሱልኝ!"

"የሚነቀለው የእኔ ሽንኩርት ነው፤ አንተ ትስቃለህ?" አለች ሚስቱ። ወንጭፉን ከእጁ ነጥቃ ጀርባውን ሾጠችው። ሁለተኛ ስትሰነዝር "እሺ! ይምጣና ይለምነኝ!" ብሎ ጮኸ።

በማግስቱ በወጉ መሠረት ድንጋይ ተሸክሜ ደጁ አጎነበስኩ። ተበዳይ ድንጋዩን ካወረደልህ ታርቀሃል። ብልጥ ነኝ ብዬ ትንሽ ድንጋይ መርጬ ነበር። አየት አደረገና "ይቺን ለወንጭፍዎ ያስቀምጧት" ብሎ ወፍጮ የሚያህል ጫነብኝ። ላቤ በአፍንጫዬ እስኪንጠባጠብ አቆመኝ። ከዚያ አወረደልኝ፤ እግሬ ላይ። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ለጩኸቴ መለሰ።

"ጣቴም እንዲህ ነው ያመመኝ" አለ።

"በሬውስ?"

"እሱማ ይቅር ብሎዎታል። ከእኔ ይሻላል።"

እኔ እያነከስኩ እሱ እየደገፈኝ አጥሩ አጠገብ ቄሱ ፊት ቆምን። መስቀላቸውን አንስተው "እግዚአብሔር ይፍታ" ብለው ሳይጨርሱ ሴቶቹ ገፍትረውን ገቡ። እኔ በአፍንጫዬ ቦዩ ውስጥ ተደፋሁ፤ አንዷ በጀርባዬ ተሻገረች።

ከፖሞቹ ብዙዎቹ ደርቀዋል። አበልጄ በደህና እጁ የአንዱን ግንድ በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። ከልጡ ሥር አረንጓዴ ነበር።

"ይኼ በሬዬ የበላው ነው" አለ። "ያበረታው እሱ ነው።"

"ውሸት! እኔ በድንጋይ የመታሁት ነው።"

ሚስቱ ባዶ ጀሪካን መካከላችን ወረወረች። "ቀድታችሁ ኑና ስትፈልጉ ተጋደሉ!"

ጣት የሌለውና እግር የሌለው፣ አንድ ጀሪካን ይዘን እየተሳደብን ወደ ምንጩ ወረድን።