ቅዳሴው እንዳይታጎል

ባለፈው ፍልሰታ ደብረ ታቦር ውስጥ ከአንድ ለቅሶ ቤት ተነሥቼ ወጣሁ። ሟቹ የድሮ ባልደረባዬ ነበሩ፤ ሁለታችንም ጡረታ የወጣነው በመምህርነት ነው። ከቅዳሴ መልስ ነበርና ድንኳኑ ውስጥ ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀርቦልን እየበላን ሳለ አንድ ወጣት ሰባኪ ድምፅ ማጉያ ይዞ ቆመ። «እግዚአብሔር ምስጋናችንን ይራባል» አለ። «እናንተ ከቅዳሴ በቀራችሁ ቀን እሱ ደጅ ደጁን እያየ ይጠብቃችኋል።»

ልጁ ክፉ አይመስለኝም። ሰዉን ለማጽናናት ያለው ይሆናል። እኔ ግን ድንቹን አስቀምጬ ተነሣሁ። ጋቢዬን ሰብስቤ ስወጣ የጎረቤት ሰዎች ያመመኝ መስሏቸው ተከተሉኝ። አላመመኝም፤ ተናድጄ ነው። ይህ ንዴት ከአርባ ዓመት በላይ አብሮኝ የኖረ ነው። አርጅቶ ይተወኛል ስል እኔ አረጀሁ፣ እሱ እንዳለ አለ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ዲያቆን ነበርኩ። አገራችን ከገሳይ ከተማ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ገባ ብሎ ነው፤ ደጋ ነው። ነሐሴ ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ ከገብሱ ላይ አይነሣም፤ ጭቃው እግር ይዞ አይለቅም። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ላይኛው አገር ላይ ይጥልና ከመኪናው መንገድ የሚለየን ወንዝ ባንድ ጊዜ ሞልቶ ይመጣል። ጠዋት ከጉልበት በታች የተሻገሩትን ወንዝ ማታ በሬ አይደፍረውም። በቀበሌያችን ይህን የማያውቅ ሕፃን እንኳ አልነበረም። ይህን ማንሣቴ በኋላ «ምን እናውቃለን፣ የእግዜር ሥራ ነው» ያሉ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

እህቴን እታለም እላታለሁ፤ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ እናታችን ቤት መጥታ ነበር። እኔ ሱባኤ ይዤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነበር የማድረው። ምጥ እንደያዛት ሰምቻለሁ፤ ግን ምጥ የሴቶች ጉዳይ ነው፣ ወንድ ምን አገባው ብዬ አልወረድኩም። ሁለት ሌሊት አለፈ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አዋላጇ እጇን ታጥባ ወጣችና «ይህ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ ደብረ ታቦር አድርሷት፣ ዛሬውኑ» አለች። ይህን እናቴ ናት በኋላ የነገረችኝ።

አንዲትን ሴት በወሳንሳ ተሸክሞ ያን ዳገትና ቁልቁለት ለመጓዝ አራት አራት ሆነው የሚፈራረቁ ስምንት ብርቱ ወንዶች ያስፈልጋሉ። ወንዱ ሁሉ ደግሞ ያን ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ነበር። በፍልሰታ ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። የእህቴ ባል አያ ሞላ እየሮጠ መጣ። እኛ ልብሰ ተክህኖ ለብሰን ለመግባት ተሰልፈናል፤ ገና አልጀመርንም። ቅዳሴ ከተጀመረ አይቋረጥምና፣ ገና አልጀመርንም የምለውን አንባቢ ይያዝልኝ።

ቅዳሴ ያለ አምስት ሰው አይቀደስም፤ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን። ያን ቀን አንዱ ዲያቆን ትኩሳት ይዞት ተኝቶ ስለነበር ልክ አምስት ነበርን። አምስተኛው እኔ ነኝ። እኔ አንድ እርምጃ ብወጣ አራት እንሆናለን፤ አራት ከሆንን ቅዳሴው ይቀራል፤ ቅዳሴው ከቀረ ወንዱ ሁሉ ወሳንሳውን ለመሸከም ነጻ ይሆናል። ነገሩ ይኸው ነበር።

ሞላ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ከቄሰ ገበዙ እግር ሥር ወደቀ። «አባ፣ ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው። ሰው ይስጡኝ። ወንዙ ሳይሞላ እንሻገር።»

ቄሰ ገበዝ የደብራችን ኃላፊ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ክርስትና ያነሡኝም፣ ፊደል ያስቆጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ።

«አምስት ነን፤ አንድ ሰው ቢጎድል ይታጎላል» አሉ። «በፍልሰታ፣ በገዛ ጾሟ፣ ማርያም ሳይቀደስላት ዋለች ይባልብን? ልጄ፣ ተነሥ። እሷን ከእኛ ይልቅ ማርያም ታውቃታለች። እኛ ስንቀድስ እሷ ትፈታታለች።»

«አባ፣ ከቅዳሴ በኋላ ወንዙ አያሳልፈንም።»

«እምነት ይኑርህ።»

ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ሳይባረክ የሚወጣ ሰው እንደ ይሁዳ ነው አሉ። ከወንዶቹ ሁለት ሦስቱ ሲንቀሳቀሱ አይቻቸዋለሁ፤ ይህን ሲሰሙ ተመልሰው ቆሙ። ሞላ እኔን ነው ያየው። እኔ መስቀሉን ያዝኩና መሬት መሬቱን አየሁ። ማንም እጄን አልያዘኝም፤ በሩ ክፍት ነበር።

ቅዳሴው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። ቄሰ ገበዙ አንድም ነገር አላሳጠሩም። መሐል ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ ድምፃችን እንዳይዋጥ ዜማውን ከፍ አደረግሁት። ድምፀ መልካም ነበርኩ፤ ያን ቀን ደግሞ ከሌላው ቀን ሁሉ አምሮልኝ ነበር። ስንወጣ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ አድርገው «ዛሬስ መላእክትን አወረድካቸው» አሉኝ። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያን ሰው እጅ ትከሻዬ ላይ ይሰማኛል፤ ዛሬም ገፍቼ ልጥለው ያሰኘኛል።

ከዚያማ ሁሉም ሮጠ። ስምንት ሰው ሲፈለግ ሃያ ሰው ወሳንሳው ላይ ተረባረበ። እኔም ከፊት ገብቼ ተሸከምኩ። ወንዙ ዳር ስንደርስ ውኃው ደፍርሶ ግንድ እያላተመ ይወርዳል። አንድ ጎበዝ ገመድ ታጥቆ ሞከረ፤ ውኃው ወገቡ ሳይደርስ ጎትተን አወጣነው። ወሳንሳውን አንድ ዋርካ ሥር አሳረፍነው። እታለም ፊቷ እንደ አመድ ሆኗል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ጎንበስ ብዬ ውኃ በጣቴ አረጠብኩላት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ስትቀድስ ሰማሁህ» አለችኝ። «ድምፅህ ቤት ድረስ ይመጣ ነበር።»

ዓይኗን መልሳ ከደነች። ወቀሳ ይሁን ምስጋና፣ ያን ጊዜም አልለየሁትም፣ አሁንም አልለየሁትም።

ውኃው የጎደለው በማግስቱ ንጋት ላይ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞቷል። ወንድ ልጅ ነበር። እሷን በመከራ አተረፏት። አንዲት ነርስ ወረቀት ላይ እየጻፈች «ትናንት የት ነበራችሁ?» አለችን። «ቤተ ክርስቲያን» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና መጻፏን ቀጠለች።

መከራው በዚያ አላበቃም። ከዚያ ሁሉ ቀን ምጥ የተነሣ እታለም ሽንቷን መቆጣጠር አቃታት። ቀንም ማታም ይፈሳታል። የሞላ ዘመዶች ሌላ አገቡለትና እሷ እናታችን ቤት ጓዳ ውስጥ ቀረች። ሰው ሲመጣ ትደበቃለች፤ ነጠላዋን በቀን ሦስት አራት ጊዜ ታጥባለች። በኅዳር ጽዮን ግን ከቤተ ክርስቲያን መቅረት አልቻለችም፤ ታጥባ፣ ነጭ ለብሳ መጣች። ወደ ሴቶቹ መቆሚያ አልተጠጋችም፤ ቅጥሩ ውስጥ ከአንድ ጽድ ሥር ለብቻዋ ቆመች። ሴቶቹ ግን አዩዋት፤ ማንሾካሾክ ጀመሩ።

ቄሰ ገበዙ ጠሩኝ። «እህትህን ከቅጥሩ ውጭ ትቁም በላት» አሉኝ። «የሚፈሳት ሰው እዚህ አይቆምም። አንተ ብትነግራት ይሻላል።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ለእሳቸው ቀና ብዬ መልሼ አላውቅም።

«አባ» አልኳቸው፣ «በፍልሰታ ያን ቀን አምስት ባንሆን ኖሮ እግዚአብሔር ምን ይጎድልበት ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«እጠይቅዎታለሁ። ቅዳሴው ቢቀር እሱ ይርበዋል? ይከፋዋል? መንበሩ ይናጋል?»

ፊታቸው ተለወጠ፤ ግን ዋሽተው አያውቁምና አልዋሹኝም። «እግዚአብሔርማ ምን ይጎድልበታል» አሉ ቀስ ብለው። «ሳይፈጥረንም ሙሉ ነበር። ቅዳሴው ለእኛ ነው፤ ለእኛ ሲል የሰጠን ነው።»

«ለእኛ ከሆነ እታለም ከእኛ አይደለችም?»

መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እሱ የማይጎድልበት ከሆነ ለምን አልለቀቁኝም? ለማን ብለው ያዙኝ? የእህቴ ልጅ የሞተው ማን እንዳይጎድልበት ነው?»

«ልጄ፣ ሥርዓት አለ» አሉ። ከዚህ ሌላ አልነበራቸውም። የሸመገሉ ዓይኖቻቸው ውኃ ሞልተው ነበር፤ ያ ግን ንዴቴን አባሰው እንጂ አላበረደውም። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር። ትክክለኛውን ትምህርት ከእኔ በላይ ያውቁት ኖሯል፤ እኔንም ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። እያወቁት ነው በተቃራኒው ያደረጉት። አለማወቅ ቢሆን ይቅር እላቸው ነበር።

ልብሰ ተክህኖዬን አጥፌ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩና ወደ ጽዱ ሄድኩ። እታለምን ውጪ አላልኳትም፤ «ነይ እንሂድ» ብቻ አልኳት። ከዚያ ቀን በኋላ ቀድሼ አላውቅም።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ የጤና ባለሙያ አዲስ አበባ ይህን በሽታ የሚያክሙ እንዳሉ ነገረን። ይዣት ሄድኩ፤ ተቀድዶ የነበረው ተሰፋላት፤ ዳነች። ልጅ ግን አልወለደችም። ዛሬ ገሳይ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች፤ ጓሮዋ ድንችና ጎመን ነው፤ ቅዳሴ አንድ ቀን አታጓድልም። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

ከባልደረባዬ ለቅሶ በማግስቱ መኪና ይዤ ሄድኩባት። ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቅዳሴ ልትወጣ ስትል በር ላይ አገኘኋት። እንደ ጅል እዚያው ቆሜ ጮህኩባት። «ከዚያ ሁሉ በኋላ አይበቃሽም? እሱ የአንቺን መቆም የሚፈልገው ምን ሊሠራበት ነው?»

አልተቆጣችም። የበሩን ሳንቃ ዘግታ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጠረች።

«ይፈልገው አይፈልገው እኔ ምኑን አውቃለሁ» አለች። «ልጄ ክርስትና ሳይነሣ ሞተ። ከቤተ ክርስቲያን አልተቀበረም፤ ሆስፒታሉ የት እንዳደረሰው አላውቅም። ስም እንኳ የለው። ሌላው እናት መቃብር ትሄዳለች። እኔ የት ልሂድ? እዚያ ስቆም ነው የማገኘው። አንተ ተቆጣ፤ ማን ከለከለህ። እኔን ግን ልጄን ከማይበት አታስቀረኝ።»

ጭቃው ላይ ዱላዋን እየተከለች ዳገቱን ስትወጣ ቆሜ አየኋት። የእሷን ጸሎት ከእንግዲህ አልነካባትም፤ በልቅሶ ያገኘችው ነው።

ንዴቴ ግን ወዴትም አልሄደም። ለዚያ ወጣት ሰባኪም፣ ለቄሰ ገበዙ ነፍስም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሩ ተከፍቶለት ላልወጣው ለዚያ ዲያቆን የምለው አንድ ነው። እግዚአብሔር ያን ቀን ከእኛ የሚፈልገው ነገር ከነበረ ስምንት ትከሻ ነበር። እኛ ዜማ ሰጠነው።