የበሱፍቃድ ሰማይ

ፈጣሪ የልደታን ሰማይ ሠርቶ መልካም ነው ብሎ ተወው። ይጎድለዋል ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ባለፎቶ ቤቱ በሱፍቃድ።

ፎቶ ቤቱ ከፍርድ ቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤትና በአንድ ጫማ ጠጋኝ መሃል ተጣብቃ የቆመች ናት። ለብዙ ዘመን እንጀራዋ ጉርድ ፎቶ ነበር። ከሳሹም ተከሳሹም እዚያችው በርጩማ ላይ በየተራ ይቀመጣሉ፤ በሱፍቃድ አገጫቸውን በሁለት ጣቱ ቀና ያደርግና «ዓይንዎን እንዳይጨፍኑ» ይላል፤ ብልጭ ይላል፤ አለቀ። አምሮበት የወጣ ሰው ብዙም አልነበረም፤ ራሱን ሳይመስል የወጣ ግን አንድም የለም። ሰው ፎቶውን አየት ያደርግና «እኔው ነኝ» ብሎ ይሄዳል። ለፎቶ አንሺ ከዚህ የበለጠ ምስጋና ምን አለ?

በሱፍቃድ ግን አለ ብሎ አሰበ።

ነገሩ የጀመረው ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ኢንተርኔት ቤት ነው፤ ዘመኑ ሁለት ሺህ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግድም። ገጹ እስኪከፈት ሻይ ተጠጥቶ በሚያልቅበት በዚያ ቤት፣ ኤች ዲ አር የሚባል የፎቶ ጥበብ አገኘ። ጥበቡ ሲነገር ቀላል ነው። ካሜራውን በባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ ታስርና አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ታነሳዋለህ፤ አንዴ አጨልመህ፣ አንዴ በልኩ፣ አንዴ አብርተህ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ሦስቱን ያዋህዳቸዋል፤ ጥላ የሸፈነውም፣ ብርሃን ያጠፋውም በአንድ ፎቶ ላይ ይታያል። ጥበቡን የሚያውቁበት ሰዎች እንደ ጨው ቆንጠር አድርገው ነው የሚጠቀሙበት።

ለበሱፍቃድ ቆንጠር ማድረግ አልሆነለትም። በኮምፒውተሩ ላይ በማውዝ የምትጎተት አንዲት ምልክት አለች። ወደ ቀኝ በጎተቷት ቁጥር ደመናው ይጠቁራል፣ ቆርቆሮው ያብረቀርቃል፣ የግድግዳው ስንጥቅ አንድ በአንድ ይቆጠራል። በሱፍቃድ መጨረሻዋ ድረስ ጎተታት። እዚያው ተዋት።

ብዙም ሳይቆይ የፎቶ ቤቱ መስኮት የሚያስፈራ ሆነ። ሜክሲኮ አደባባይን አንስቶ ሰቅሎታል፤ ምጽዓት የደረሰ ይመስላል። ሰማዩ ጥቁርና ሐምራዊ ሆኖ ሊወድቅ ተንጠልጥሏል፤ የሚኒባሶቹ ሰማያዊ ቀለም ዓይን ይወጋል፤ ረዳቱ ግን የዓለም ፍጻሜ ምንም እንዳልመሰለው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ ይጠራል። አጠገቡ አንዲት ሙሽራ ተሰቅላለች። እናቷ ፎቶውን ሊወስዱ መጥተው «ልጄን ነው ያነሳኸው ወይስ የነሐስ ሐውልት?» ብለው ጥለውት የሄዱት ነው።

እንዳለች የምትባለው ሚስቱ ደግሞ ሳሎናቸው የተሰቀለውን የገዛ ፎቶዋን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራዋለች።

«ምነው?» አላት።

«ምነው ትለኛለህ? ተራራው ይታያል፣ ገደሉ ይታያል። ፊቴን ነው ያነሳኸው ወይስ የአገር ካርታ?»

«ጥራት ነው፣ እንዳለች። ዘመናዊ ነው።»

«አንተማ ሽሮ ብትሠራ በርበሬውን ከነጣሳው ነበር የምትገለብጠው።»

በሱፍቃድ አልተቀየማትም። የሰፈሩ ዓይን ገና አልሠለጠነም፣ ይሠለጥናል ብሎ በትዕግሥት አለፋት። ሞኝ ሰው ትዕግሥት ሲጨመርበት መመለሻም የለው።

በሰፈሩ ውስጥ በበሱፍቃድ ላይ አንድ ቀን እንኳ ያልሳቀ ሰው ቢኖር ጋሽ ሚደቅሳ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የከተማ አውቶብስ ሹፌር፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሳቂታ ሰው። በልጅነታቸው ፈንጣጣ ፊታቸውን ነክቶት አልፏል፤ ግን ሳቃቸው ከጠባሳው ይቀድም ስለነበር ጠባሳውን ልብ የሚል አልነበረም። ልብ የሚሉት እሳቸው ራሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ካሜራ ሲያዩ ወይ ዕቃ ለማንሳት ያጎነብሳሉ፣ ወይ ከሰው ጀርባ ይቆማሉ። በየሰርጉ ፎቶ ላይ የጋሽ ሚደቅሳ ባርኔጣ አለ፤ ጋሽ ሚደቅሳ የሉም።

በዚያ ዓመት ግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ደጅ ተሰብስቦ ንፍሮውን ሲቀማምስ፣ በሱፍቃድ ካሜራውን ከነማቆሚያው ይዞ መጣ። እንዴት አድርጎ እንዳግባባቸው እንጃ፣ ጋሽ ሚደቅሳ አጥሩ ጥግ ሊቆሙለት እሺ አሉ።

«አደራ ታዲያ» አሉት ኮታቸውን እየቆለፉ። «ጠባሳዬን እንዳታወጣብኝ።»

«አይዞዎት ጋሼ፤ የኔ ካሜራ መልካሙን ነው የሚያየው።»

ጋሽ ሚደቅሳ እንደ ግንድ ቀጥ ብለው ቆሙ። ካሜራው አንዴ ቀጭ አለ። ይህን ጊዜ ባለቤታቸው እትዬ ሀረገወይን ከንፍሮው ድስት አጠገብ ሆነው፣

«አንተ ሚደቅሳ፣ ለፖሊስ ነው እንዴ የምትነሳው?» አሏቸው።

ደጁ በሳቅ ሞላ። ካሜራው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በዚያው ቀጭ ቀጭ አደረገ። በሱፍቃድ ግን ተናደደ፤ ለኤች ዲ አር ሰው መነቃነቅ የለበትማ! «ተበላሸ» ብሎ በልቡ እያጉረመረመ ዕቃውን ሰበሰበ።

ሐምሌ ላይ ጋሽ ሚደቅሳ በተኙበት አረፉ።

ቀብሩ በተፈጸመ ማግሥት እትዬ ሀረገወይን በሱፍቃድን አስጠሩት። ድምፃቸው በልቅሶ ተዘግቷል።

«ልጄ በሱፍቃድ፣ ያችን የግንቦት ልደታዋን ፎቶ አውጣልኝ። ከመንጃ ፈቃዱ ላይ ካለችው በቀር ሌላ የለኝም። ለሠልስቱ ድንኳን ትቀመጣለች፤ ለሐውልቱም የምትሆነው እሷው ናት። የልጅ ልጆቼ አያታቸውን የሚያውቁት በሷ ነው።»

«አደራ በሰማይ ነው እትዬ፤ ተቀብያለሁ» አለ በሱፍቃድ። እውነትም ትኩረቱ ሁሉ በሰማይ ላይ ሆነ።

ፎቶ ቤቱን ዘግቶ ሲሠራ ዋለ። እንባው እየመጣ ነው የሠራው፤ ሰውዬውን ይወዳቸው ነበር። ኮምፒውተሩ «ሦስቱ ፎቶዎች ላይ ያለው ፊት አይገጥምም፤ ፊቱን ከየትኛው ልውሰድ?» ብሎ ጠየቀው። በሱፍቃድ ሦስቱን አስተያየ። በጨለማው ፎቶ ላይ ደመናው ያስደነግጣል። ጋሽ ሚደቅሳ ደግሞ በዚያኛው ላይ አልተነቃነቁም። «ከጨለማው ውሰድ» አለው። የሰውየውን ፊት በደመና መረጠ ማለት ነው። ከዚያ ያችን ምልክት እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ጎተታት፤ ለክብራቸው ብሎ እስከ መጨረሻዋ።

በሠልስቱ ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ ይደበድባል። በሱፍቃድ በትልቅ ፍሬም የገባውን ፎቶ በጨርቅ ሸፍኖ አመጣና ወንበር ላይ አቁሞ ገለጠው። ራሱም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አደነቀው።

ለቀስተኛው አንገቱን አስግጎ አየ።

ከጥቁር ደመና ሥር አንድ ሰው አፍጥጦ ቆሟል። ፊቱ የእንጨት ቅርጽ ይመስላል። ፈንጣጣው በየጉንጩ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ተኝቶበታል። የኮቱ ክር እንኳ ይቆጠራል። ሳቅ የሚባል ነገር በዚያ ፊት ላይ አልፎም የሚያውቅ አይመስልም።

የእድሩ ጸሐፊ አቶ አስፋው ወደ በሱፍቃድ ጆሮ ጠጋ አሉ። «ይሄ… የሚደቅሳ አባት ናቸው?»

«ራሳቸው ናቸው እንጂ!»

«እንግዲህ ከሞቱ በኋላ ነዋ ያነሳሃቸው።»

ይህን ጊዜ የጋሽ ሚደቅሳ የድሮ ጎረቤት ወይዘሮ ሸዋዓለም ከአብነት ሰፈር ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ገና ከደጅ ደረታቸውን እየመቱ «ወንድሜ! ሳቂታው ወንድሜ! ፊትህ የማይጠገበው!» እያሉ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። ፎቶው ፊት ደረሱ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ግራ ቀኝ አዩና እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣

«ይቅር በሉኝ ልጆቼ፤ ድንኳን ተሳስቻለሁ መሰለኝ። የሚደቅሳ ለቅሶ የት ነው?» ብለው ወጡ።

አቶ አስፋው በዝናብ ውስጥ ተከትለዋቸው ሮጡ። ከሴቶቹ በኩል አንዷ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ የልቅሶ እንዳልሆነ ሁሉም አውቋል። በለቅሶ ቤት የመጣ ሳቅ እንደ ማስነጠስ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? ድንኳኑ ከዳር እስከ ዳር ተላወሰ።

ያልሳቁት እትዬ ሀረገወይን ብቻ ነበሩ። ተነሥተው ወደ ፎቶው ሄዱና በጣታቸው ጉንጩን፣ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ነኩት።

«ዕድሜዬን አብሬው ስኖር ይሄን ያህል መሆኑን አላየሁም» አሉ በቀስታ። ከዚያ ወደ በሱፍቃድ ዞሩ። «ጠባሳዬን እንዳታወጣብኝ ብሎህ አልነበር? ንፍሮው ጋ ሆኜ ሰምቼአለሁ። ለሐውልቱማ ይህን ከማደርግ ባዶውን ድንጋይ ላቁም።»

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ፎቶውን ሸፈኑት።

በሱፍቃድ ከድንኳኑ እንዴት እንደወጣ አያውቅም። ፎቶ ቤቱ ገብቶ በርጩማው ላይ፣ ከሳሽና ተከሳሽ በሚቀመጡባት ላይ ተቀመጠ። እንዳለች ተከትላው መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ሊሰድቡት የሚገባ ሰው አጠገቧ ተቀምጦላት አልሰደበችውም፤ ያኔ ነው የባሰ የደነገጠው።

«ሦስት አንስተህ አልነበር?» አለችው። «ሁለቱስ የት ሄዱ?»

«ውስጡ ናቸዋ። ተዋህደዋል።»

«አላቅቃቸውና አሳየኝ።»

ከፈተላት። የመጀመሪያው ያው የጨለመው ነው። በሁለተኛው ላይ ጋሽ ሚደቅሳ ጭንቅላታቸውን ወደ ሚስታቸው ማዞር ጀምረዋል። ሦስተኛው ተከፈተ፤ ብርሃን የበዛበት፣ እንደ ፎቶ አንሺ ሕግ የተበላሸው። ሰማዩ ተቃጥሎ ነጭ ወረቀት ሆኗል። አጥሩም ገርጥቷል። በመሃሉ ጋሽ ሚደቅሳ ዓይናቸው እስኪጠፋ ይስቃሉ፤ ፊታቸው ላይ ከፈሰሰው ብርሃን የተነሣ አንድም ጠባሳ አይታይም።

እንዳለች እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እሳቸው ናቸው!»

በሱፍቃድ እጁ በልማድ ወደ ማውዙ ሄደ። ሰማዩን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ ላጥቁረው ይሆን? እንዳለች እጁን ያዘችው።

«ተመስገን በልና ተው።»

ተመስገን አለና ተወ።

ፎቶውን በቀጭን ፍሬም አድርጎ እትዬ ሀረገወይን ቤት ሲገባ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ሰጣቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አዩት። እሱ ቀደም ብሎ፣

«ሰማዩ ጠፍቶብኛል እትዬ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ሰማዩን ምን ያደርግልኛል ልጄ?» አሉት ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እሱ አይቶት የለ አሁን።»

በሱፍቃድ ጨርሶ ዳነ ብል ውሸት ይሆንብኛል። አሁንም አንዳንድ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ የከበደ ደመና ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሜክሲኮ አደባባይን ግን ከመስኮቱ አውርዶ ከምጽዓት ገላግሎታል፤ ሙሽራይቱንም እንደገና ሠርቶ ለእናቷ በነጻ ወስዶላቸዋል። ያችን ምልክት ሲጎትታት ድሮ ከሚደርስበት በጣም ቀደም ብሎ ይቆምና፣ እንዳለችን ጠርቶ «በዛ?» ይላል። እንዳለች ሁልጊዜ «በዛ» ትላለች። ይመልሰዋል።

በሙት ዓመቱ ሐውልቱ ሲመረቅ ሰፈሩ ሁሉ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ሸዋዓለም ከአብነት ዘግይተው፣ በመቃብሮቹ መሃል ብቻቸውን እየጠየቁ ሲመጡ አቶ አስፋው ሊመሯቸው ብድግ አሉ። አላስፈለገም። ከሩቅ ነጭ ሰማይ ሥር የሚስቀውን ሰው አዩና «ወንድሜ! ሳቂታው ወንድሜ!» እያሉ በቀጥታ መጡ። በሱፍቃድም በዚያ መሃል ቆሞ፣ እንደ ሰው ሁሉ አለቀሰ።