ሂሊየሙ እስኪሞላ

የአክስቴ ባል ማክሰኞ ደሴ ውስጥ አረፈ። ለእኔ ወዲያው በስልክ ነገሩኝ። እዚህ ፍራንክፈርት ላለችው ልጁ ግን ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲያረዳት ተወሰነ። እስከዚያው እንደ ወትሮዬ ምሳዋን ወደ ላብራቶሪ አደርስ ነበር። ምንም አልተሰማኝም፤ ሳህኑ ብቻ ከበደኝ።

የአክስቴ ልጅ ለዶክትሬቷ የምታጠናው ዓይን የማይለየው ስስ ንብርብር ነው። አተሞቹ ሥርዓት የላቸውም። ኤሌክትሮኖቹ የሚኖሩት በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። እርስ በርስ ስለሚገፋፉ አንዱ ከጉድጓዱ ሲወጣ ጎረቤቶቹም ቦታ መለወጥ አለባቸው። ቮልቴጁን ድንገት ስትለውጠው ኮረንቲው ብድግ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። መጀመሪያ ቶሎ፣ ኋላ ግን በአንድ ሰዓት የወረደውን ያህል ለመውረድ ቀናት ይፈጅበታል።

«ዛሬም አልጨረሰም?» አልኳት ሐሙስ ዕለት።

«ምኑን ይጨርሳል! ሁልጊዜ የሚዘገየው የጻይልስሃይም አውቶቡስ ይሻላል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ምነው ፊትህ?»

«እንቅልፍ ነው።»

«ግጥም ስትጽፍ አድረህ ነው በል!» ሳቀች።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ ሂሊየም ካልጨመረች ናሙናው ይሞቃል። ከሞቀ ኤሌክትሮኖቹ ያለፈውን ሁሉ ይረሳሉ፣ ሥራዋም እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ አርብ መርዶውን ለሚመሩት የቤተ ክርስቲያናችን እናት ደወልኩ።

«እማማ፣ እሑድ ቢሆንስ? ቅዳሜ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ አላት።»

«ከማን ጋር?»

«ከማሽን ጋር።»

«ማሽን ይጠብቃል፣ ልጄ። ደብቀን ሰነበትን፤ ይበቃል።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጥቁር የለበሱ ሰዎች ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ያለውን የቤቷን ደረጃ ኮቴያቸውን አጥፍተው ወጡ። በሩን ከፈተች። መናገር አላስፈለገም።

«አባዬ ነው?»

ሴቶቹ እሪ አሉ። እሷ አላለቀሰችም። ካስቀመጧት ቦታ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ድንገት ተነሣች።

«ሂሊየሙ።»

«ሐዘንተኛ ከቤት አይወጣም» አሉ እማማ።

«ይሞቅብኛል።» ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተነሡ። «እንግዲያው ብቻዋን አትሄድም።»

ለቅሶው እንዳለ በባቡር እስከ ላብራቶሪው ድረስ ሄደ። እሷ ጓንትና መነጽር አድርጋ ገባች፣ እኛ መተላለፊያው ላይ በግድግዳው ርዝመት ቆምን። ከሂሊየሙ ቱቦ ነጭ ጉም ወጣ።

«አሁንስ አልቅሺ፣ ልጄ» አሉ እማማ ከደጅ።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ እማማ። ማሽኑ ከተንቀጠቀጠ ይበላሻል።»

ለቀስተኛው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አንድ ሽማግሌ ሳል ሲመጣባቸው አፋቸውን ይዘው በእግር ጣቶቻቸው እየረገጡ ወደ ደረጃው ሄዱ። ስክሪኑ ላይ የኮረንቲው መስመር ሳይሰበር፣ እንደ ትናንቱ ዝግ ብሎ ይወርዳል።

ጨርሳ ወጣች። በሩን በቀስታ ገጠመችው። እማማ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጓንቷን ሳታወልቅ «አባዬ» አለች።