አምበር ቢራውና የጋሽ ደምሴ አፍንጫ

ስቀጠር ቢራ ቀማሽ አልነበርኩም፤ ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ። በዘጠናዎቹ አጋማሽ በዲቪ መጥቼ ብዙም ሳልቆይ ኦክላንድ ወደቡ አጠገብ አንድ የውጭ ቢራ አስመጪ መጋዘን ገባሁ። የመጀመሪያው ቀን ገና ከበሩ ስዘልቅ ዋናው ቀማሽ ጋሽ ደምሴ ሎሽኔ ሸተታቸውና ታጥቤ እንድመለስ አዘዙኝ።

ጋሽ ደምሴ አገር ቤት የቢራ ፋብሪካ ላብራቶሪ ሠርተው በሱዳን በኩል የተሰደዱ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው የኩላሊት ሕመምተኛ ስለነበሩ ከሥራው ሁሉ የሚሳሱት አብሮት ለሚሰጠው የሕክምና ኢንሹራንስ ነበር። ቅምሻን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጠዋት፣ አፍ ሳይሟሽ። መጀመሪያ ብርሃን ላይ ማየት፣ ከዚያ ማሽተት፣ ከዚያ መጎንጨት። ወይን ይተፋል፤ ቢራ ግን ይዋጣል፣ ምሬቱ የሚታወቀው ጉሮሮ ላይ ነውና።

ፍርዱን የሚናገሩት እሳቸው፣ "እንዳሉት ነው" የምለው እኔ። ታላቅ ተናግሮ ታናሽ ሊያርም? ማኔጀራችን ስቲቭ የሁለታችን ምላስ አንድ ይመስለው ነበር።

አንድ ክረምት ጋሽ ደምሴን ክፉ ፍሉ ጣላቸው። ሲመለሱ ከእንግዲህ አንቺ ቅደሚ አሉኝ። ያደግሁ መሰለኝ። ሳን ሆዜ ላለችው እህቴ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁባት።

በዚያው ሰሞን ከፈረንሳይ አንድ አምበር ቢራ መጣ። ቀለሙ ቀጠን ያለ ሻይ፣ አረፋው ቶሎ የሚከዳ። ሲያሸቱት የተቆላ ብቅልና ትንሽ የተቃጠለ ስኳር አለው። አፍ ላይ ይጣፍጣል፤ ምሬቱ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ክፉም ደግም የማይባል፣ ከምሳ ጋር ጠጥተው የሚረሱት ቢራ ነው። ይህንኑ ተናገርኩ። ጋሽ ደምሴም ተስማሙ።

ሁለተኛው ጭነት ሲገባ እህቴ ምጥ ይዟት ሳን ሆዜ ነበርኩ። እሳቸው ብቻቸውን ቀምሰው አሳለፉት። ብዙም ሳይቆይ የካስትሮ ቫሊ ሱቆች ቢራውን ይመልሱ ጀመር። ስቲቭ ሁለታችንን ጠርቶ አንድ ጠርሙስ ከፈተ። ገና ሳይቀዳ፣ ዝናብ ያበሰበሰው ካርቶን ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ አየር ገብቶበት ያረጀ ቢራ ሽታ ነው። ጋሽ ደምሴ አሸተቱ፣ ተጎነጩ፣ "የተቆላ ብቅል፣ ትንሽ የተቃጠለ ስኳር" አሉ በእንግሊዝኛ። ቃል በቃል የኔ ነበር። ከዚያ ፊቴን አዩ።

"ምንድን ነው?" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በአማርኛ።

"እርጥብ ካርቶን ይሸታል፣ ጋሽ ደምሴ።"

"ከፍሉ ወዲህ ምንም አይሸተኝም፣ ልጄ። የባለቤቴ ኢንሹራንስ እንዳይቋረጥ ፈርቼ ነው።"

ስቲቭ ምን እንዳሉ ጠየቀኝ። እሳቸው ራሳቸው ነገሩት።

በዚያው ሳምንት ተሰናበቱ፤ ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ አዘንኩ፤ ወንበራቸው ላይ መቀመጥም አሳፈረኝ።

ከወራት በኋላ ሳን ሆዜ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። የመኪና ማቆሚያ ተቀጥረዋል፤ ባለቤታቸው መኝታ ክፍል ተኝተው ነበር። ያንኑ አምበር፣ ደህናውን፣ ይዤላቸው ሄድኩ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አነሱ፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ፣ ከዚያ ዋጡ። እንዴት ነው አልኳቸው።

"ቀዝቃዛ ነው" አሉ።

ዛሬ ሰው ሳሠለጥን ቀማሾችን ለየብቻ አስቀምጣለሁ። ታላቅም ይሁን ታናሽ ሳይነጋገር የየራሱን ይጽፋል። የቀማሽ አፍንጫ ሊሞት ይችላል፤ ቶሎ ከታወቀ ግን ሰውየውን ሌላ ሥራ ላይ ማዋል ይቻላል።