ከነላስቲኩ የቆየው የአየር ማጣሪያ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነው፤ ሙት ዓመቷ ግን ገና አልደረሰም ነበር። ቀኑ ቢጠፋኝም ነገሩ ከአእምሮዬ አይወጣም። ፊደል ቆጥሬ ብዙ ያልገፋሁ ሽማግሌ ብሆንም፣ ለዚህ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የምኖረው ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት እህል ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። አስሙ ከዱቄቱ ይምጣ ከሌላ፣ ሐኪሞቹም ለይተው አልነገሩኝም። በጋ ሆኖ ባጃጅ የሚያስነሳው አቧራ ቤት ሲገባ ደረቴ ሲር ሲር ይላል።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች፣ ድሬዳዋ ያለችው ልጃችን ይህን ሰምታ የአየር ማጣሪያ ገዝታ በሰው ላከችልን። ቁመቱ እስከ ጉልበት ይሆናል፤ ሲሰካ ሰማያዊ መብራት ያበራል። ባለቤቴ የኋላ ክዳኑን ከፍታ አየችው። ውስጡ ያለው አቧራ የሚይዘው ፊልትሮ ነጭ፣ እጥፍጥፍ ያለ፣ በላስቲክ የታሸገ ነው። «ላስቲኩ ይቆይ፣ ነጭ ነገር ቶሎ ይቆሽሻል» አለችና መልሳ ከደነችው። እኔም ትክክል መሰለኝ። እኛ ቤት የሶፋው ላስቲክ እንኳ የወለቀው በራሱ ጊዜ ተቀዳዶ ነው። ከላዩ ደግሞ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው።

ከጥቂት ወራት በኋላ እሷ ታመመች፤ የእሷ ሕመም ሌላ ነው። አልቆየችም።

ከዚያ ወዲያ ቤቱን እንደተወችው ተውኩት። መብራት ካልጠፋ በቀር ማሽኑ ቀን ከሌት ይሠራል፤ እኔም አጠገቡ እቀመጣለሁ። ትንፋሼ ግን እየባሰ ሄደ። ልጄ ደውላ «ማጣሪያው እንዴት ነው አባዬ?» ስትለኝ፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ተሽሎኛል» እላታለሁ። ለሐኪሙም ማጣሪያ አለኝ አልኩት፤ እሱም የምስበውን መድኃኒት ጨመረልኝ። እውነቱን ለመናገር መሞትም አልፈለግሁ፣ ለመዳንም አልቸኮልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከበራችን ፊት ለፊት መንገድ ሲቆፍሩ አቧራው ቤቱን ሞላው። መስኮቱን ዘግቼ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። ትንፋሼ አልመለስ አለ። መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው፤ ተነስቼ ላመጣው አልቻልኩም። አልፈራሁም። በቃ ይኸው ነው ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

ግቢያችን ውስጥ የኋላዋን ክፍል የተከራየች ሴት አለች። ሐይቅ ዳር ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ከሥራ ስትመለስ በመስኮቱ አይታኝ በሩን ገፍታ ገባች። ስትደነግጥ በሲዳምኛ ነው የምትናገረው፤ ምን እንዳለች አላወቅሁም። ወደ ፊት ጎንበስ አድርጋ አስቀመጠችኝ፣ መድኃኒቱን ፈልጋ አፌ ላይ አደረገችልኝ፣ ባጃጅ አስቁማ ጤና ጣቢያ አደረሰችኝ። እዚያ ጭምብል አድርገውልኝ መድኃኒት አስተነፈሱኝ። ሳይመሽ ተመለስን።

በማግስቱ ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ልትወለውልልኝ መጣች። ማሽኑ ጋ ስትደርስ ዳንቴሉን አንስታ እጇን ላዩ ላይ ዘረጋች።

«አባባ፣ ይሄ እኮ አይተነፍስም።»

«ይሠራል፣ መብራቱን አታይም?» አልኳት።

«መብራትማ እኔም ቤት አለ» አለችኝ።

የኋላ ክዳኑን ከፈተችው። በሆቴሉ የአየር ማቀዝቀዣዎቹን ፊልትሮ የምታጥበው እሷ ስለሆነች አላስቸገራትም። ላስቲኩን ስታይ ሳቋ መጣ፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

«እንዳትቀጂው» አልኳት። «እሷ ናት እንዲህ ያደረገችው።»

እጇን ከላስቲኩ አነሳች። «እማማ ቆሻሻ እንዳይነካው ብለው ነው። ይሄ ግን የተሠራው ለመቆሸሽ ነው፣ አባባ። ሆቴል ያለውን ቢያዩት እኮ ጥቁር ነው። እሱ ካልቆሸሸ እርስዎ ነዎት የሚቆሽሹት።»

እሺ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁላት።

የላስቲኩን ጫፍ በምላጭ ከፍታ፣ ሳትበጣጥሰው ፊልትሮውን ከውስጡ ሳበችው። ላስቲኩን በወጉ አጣጥፋ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ተቀበልኳት። ማልቀስ ያለብኝ መሰለኝ፤ እንባው አልመጣም። ማሽኑ ሲበራ ድምፁ ተለወጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፋሱ ፊቴ ላይ ደረሰ።

አሁን አስሙ ለቆኛል አልልም። መድኃኒቴን አላቋረጥኩም፤ አቧራ ሲበዛ ያመኛል። ግን ድሮ ትራስ ደራርቤ ተቀምጬ የማነጋው ሰውዬ፣ አሁን ተጋድሜ እተኛለሁ። ፊልትሮው በጥቂት ወራት ጠቆረ። ለልጄም እውነቱን ነገርኳት፤ ቅያሪ ፊልትሮ ላከችልኝ።

ሐዘኑ እንደሆነ እዚያው ነው። ጠዋት እነሳለሁ፣ ሬዲዮ እከፍታለሁ፣ ይመሻል። ሰዎች «እግዚአብሔር አተረፈዎት» ሲሉኝ አዎ እላለሁ። ደስ ሊለኝ እንደሚገባ አውቃለሁ፤ ደስታው ገና አልመጣም። ምስጋናው ግን ደስታውን ሲጠብቅ መዘግየት የለበትም ብዬ ነው የጻፍኩት። ያን ቀን በሩን ገፍታ የገባችው ሴት አማረች ትባላለች።